ገጽ አርባ ሦስት

«ገጽ አርባ ሦስት» አለ ጎዳና፣ መጽሐፉን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ሦስተኛው አንቀጽ። በእርሳስ አስምሬበታለሁ።»

መምህር ጃታኒ መነጽሩን አላነሳም። የገዛ መጽሐፉን ለማንበብ መነጽር ምን ያደርግለታል? ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የጻፈው የሰንበት አጠባበቅ መመሪያ ነው። በሰንበት ከብትን ወደ ውሃ መውሰድ ተፈቅዷል፤ ውሃ ቀድቶ ማውጣት ግን ሥራ ነውና ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ይጠናቀቅ ይላል። በየቆላው ከተማ ያለው የአድቬንቲስት ምእመን ሁሉ በዚህ ይመራል።

«እሺ፣ አስምረህበታል። ምን ይሁን?»

«ጉያቱ በዚህ በጋ ሦስት ሰንበት ኤላ ገብታ ውሃ ስታወጣ ታይታለች። ሁለት ጊዜ ሰው ልከን መክረናታል፤ አልሰማችም። ነገ አራተኛዋ ነው። እሑድ በአራት ሰዓት ጉባኤው ስሟን ከአባልነት ይሰርዛል። አንቱ ገጹን ያነቡልናል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። የዳንኤል መጽሐፍዎን የድጋፍ ደብዳቤም እዚያው ፈርሜ እሰጥዎታለሁ።»

ኤላ ማለት የሊበን ከብት አርቢ በበጋ ነፍሱን የሚያቆይበት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ጉያቱ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ጃታኒ ራሱ ያጠመቃት ሴት ናት። ጎዳናም ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ይቀል ነበር። የአጥቢያው መሪ ሽማግሌ ነው። ድሮ ክብረ መንግሥት ወርቅ ማውጫ ላይ ጥሩ ሥራ ነበረው። የቅዳሜ ፈረቃ ሲመደብለት ይችኑ መጽሐፍ አንብቦ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ ዛሬ ነገሌ ውስጥ በአንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት አራት ልጅ ያሳድጋል። ለእያንዳንዷ መስመር የከፈለ ሰው ነው።

«እሑድ እመጣለሁ» አለ ጃታኒ።

ነገሌ ውስጥ መምህር ጃታኒን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ ሰው ነው። ቡና የማይጠጣው ቦረና ይሉታል። ዕብራይስጥና ግሪክ ያነባል። ዓለም በስድስት ቀን ተፈጠረ ሲል ስድስት ቀን ማለቱ ነው፤ ስድስት ዘመን ነው ብሎ የሚያለሳልስ ካለ እሱ ፊት ባይቀመጥ ይሻለዋል። አዲስ አበባ ማስተርሱን ሲማር አንድ መምህሩ ትንቢተ ዳንኤል ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ የተጻፈ ነው ብለው ፈተና ላይ አመጡት። ጃታኒ አሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ አይደለም ብሎ ጻፈና «ሲ» ተቀብሎ ወጣ። ያችን «ሲ» እስካሁን እንደ ሜዳሊያ ያወራታል።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተለጠፈው የፀሐይ መግቢያ ሰንጠረዥም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ለነገሌ እንደማይሆን፣ በሐምሌ ፀሐይ እዚህ ዘጠኝ ደቂቃ ቀድማ እንደምትገባ፣ ምእመኑ በየሐምሌው ከሰንበት ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ሲሰርቅ እንደኖረ አስልቶ ለበላይ ቢሮ ሦስት ደብዳቤ ጽፏል። አልመለሱለትም። እሱም የራሱን ሰንጠረዥ ለጠፈ፣ ሰዉም በሱ ሄደ።

አሁን ደግሞ የዳንኤል ትርጓሜው አለ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋበት፣ በኦሮምኛ የጻፈው። ከአጥቢያ መሪ የድጋፍ ደብዳቤ ካልተያያዘበት ለኅትመት አይታይም። መሪው ጎዳና ነው።

ጎዳና ሲወጣ የጃታኒ ባለቤት ቡርቱካን ከጓዳ ብቅ አለች። በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ታነብላቸዋለህ?»

«የጻፍኩትን አላነብም ልበል?»

«ኤላውን አይተኸዋል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ኤላ ዳር አይደል እንዴ የተወለድኩት?»

«የተወለድክማ እዚያ ነው» አለች በእርጋታ። «መጽሐፉን ስትጽፍ ግን ቧንቧችን እዚያ ነበር።» በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ አገጯን አሳየችው።

ጃታኒ ተናደደ። ኮቱን ለበሰ፣ መጽሐፍ ቅዱሱንና ክራቫቱን በቦርሳ ከተተ፣ ከአምስት ሰዓት በፊት አይሱዙ መናኸሪያ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። የኤላውን ተራ የሚያከፋፍለውን ሽማግሌ ለምኖ የጉያቱን ቀን ከቅዳሜ ወደ ሌላ ያዛውራል። ተራዋ ከተዛወረ ጥፋት የለም፣ ጥፋት ከሌለ መሰረዝ የለም፣ ገጽ አርባ ሦስትም እንዳለች ትኖራለች። መንገድ ላይ ሹፌሩ በቆመ ቁጥር ሰዓቱን እያየ ነዘነዘው፤ ፀሐይ ሳትገባ መድረስ አለበት።

በዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ሽማግሌውን አረሮን ከግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘው። አባ ሄረጋ ነው፤ ማን በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነው።

«አካም፣ ናጋ?» አለ ሽማግሌው ሰላምታ ሲሰጠው።

«ናጋ፣ ናጋ። ከብቱስ?»

«አለ፤ የተረፈው» አለ አረሮ። ሁለት ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ስለ ከብት ከዚህ በላይ የሚያወራ አልነበረም። «አንተስ ምን አመጣህ? ቡና እንዳልልህ አትጠጣ።»

ጃታኒ ነገሩን አስረዳ። ጉያቱ ቅዳሜን ትታ ዓርብ ታጠጣ፣ ሌላ ሰው የሷን ይውሰድ። አረሮ እስኪጨርስ ሰማው።

«ሰንበታችሁ በስንት ቀን ነው የሚመጣው?»

«በሰባት።»

«የእኛ ተራ በሦስት ነው። ዛሬ ያጠጣ ሁለት ቀን አልፎ ያጠጣል። እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ፤ ሦስትና ሰባት በስንት ቀን ይገናኛሉ?»

ጃታኒ በልቡ አባዛ። በሃያ አንድ። የትኛውም ቀን ቢሰጣት በየሃያ አንዱ ቀን አንድ ጊዜ ሰንበት ላይ ትወድቃለች። የዳንኤልን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ቀን ወደ ዓመት ለውጦ፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ቆጥሮ፣ ዓለም ከሚያከብራቸው ምሁራን ጋር በወረቀት የተፋለመ ሰው፣ ሦስትን በሰባት አባዝቶ አያውቅም። መጽሐፉ ዓርብ ጨርሱ ይላል። ኤላው ግን ዓርብን አያውቅም።

«አንድ ቀን ብቻ ብታለዋውጣት?» አለ በዝግታ።

«አንድ ሰው ካነሳሁ ከኋላው ያለው ሁሉ ይነሳል። ለእሷ ብዬ ሳነሳ ሙስሊሙ ዓርብ አይሁንብኝ ይለኛል፣ ያኛው ደግሞ እሑድ። ሁላችሁም ቀን አላችሁ። ላሟ ግን ምንም ቀን የላትም።» በርጩማውን ወደሱ ገፋለት። «ተቀመጥ። ደክሞሃል።»

ፀሐይ ልትገባ ስትል ጉያቱ ቤት ደረሰ። ደጁ ላይ ወተት ሰጠችው፤ ትንሽ ነበረች፣ የጣሳውን ግማሽ እንኳን አልሞላችም። ጠጥቶ ሲጨርስ ነው ለልጆቿ የቀረ እንደሌለ የገባው።

«አባ ኡርጂ፣ ሊገሥጹኝ እንደመጡ አውቃለሁ» አለችው፣ በልጁ ስም እየጠራችው። «ነገን ብተው ተራዬ ማክሰኞ ነው። ከሮብ እስከ ማክሰኞ ማለት ነው። ሠላሳ አራት ነበሩኝ፣ አሥራ አንድ ቀሩ። ስድስት ቀን ያለ ውሃ ከቆዩ ከአሥራ አንዱ ስንቱ እንደሚነሳ ይንገሩኝና እተዋለሁ።»

«ሌላ ሰው ስለ አንቺ ቢያወጣልሽስ?»

«ገጽ አርባ አራት» አለች ጉያቱ። «በሰንበት ሌላውን ማሠራት ራስ እንደመሥራት ነው ብለዋል። ማንበብ ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት እኮ።»

ከዚህ በኋላ የዓርብ ማታ ጸሎት አደረጉ። ጃታኒ ሲጸልይ እንደ ወትሮው አልረዘመም።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ዛፍ ሥር ከአካባቢው ምእመን ጋር ትምህርታቸውን ጨረሱ። ስድስት ሰዓት ገደማ የጉያቱ ተራ ደረሰ። ጃታኒ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዘ ከኤላው አፍ ቆመ። ወደ ታች ሲያይ ዘጠኝ ሰው አንዱ ከሌላው በላይ ግንቡ ላይ የሚቆምበት መሰላል ነው፤ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃውን ከታች ወደ ገንዳው ያደርሳሉ። ዛሬ ስምንት ነበሩ። አብዱባ የሚባለው፣ ከላይ ሦስተኛ የሚቆመው፣ አተኩሶት ቀርቷል። ጉያቱ ከላይ አራተኛ ላይ ሆና እጇን ብትዘረጋ፣ ከላይ ያለውም ቢያጎነብስ፣ ባልዲው መሐል ላይ የሚቀበለው አጣ።

አሥራ አንዱ ከብት ወደ ገንዳው መጡ። ጎናቸው ተቆጥሮ የሚያልቅ ነበር። አንገታቸውን ወደ ገንዳው አስገቡ፤ ገንዳው ባዶ ነው። አንዷ ላም ድንጋዩን ላሰች።

ጃታኒ የሉቃስን ምዕራፍ አሥራ ሦስት በሦስት ቋንቋ በቃሉ ይወጣዋል። ጌታ በምኩራቡ አለቃ ፊት፣ ከእናንተ በሰንበት ከብቱን ፈትቶ ውሃ የማያጠጣ ማን ነው ሲል ያሳፍራቸዋል። በመጽሐፉ ላይ ግን ጃታኒ መውሰድን ከመቅዳት ለይቶ፣ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን ከልክሎ፣ ምሁራዊ ግርጌ ማስታወሻ አኑሮበታል። በዚያን ጊዜ ኮርቶበት ነበር። ይኸው እንግዲህ፣ ከብቶቹ ተወስደዋል። እንደ መጽሐፉ ቃል ወደ ውሃ ተወስደው ባዶ ድንጋይ እየላሱ ነው። ጌታ ውሃ ስለሌለበት ገንዳ አላወራም። የተጻፈውን እንዳለ ተቀበሉ እያለ ሠላሳ ዓመት የጮኸው ሰው፣ በተጻፈው ላይ የራሱን ግንብ ሠርቶ ኖሯል። ጃታኒ አፈረ። ለሴትየዋ ማዘኑ ብቻ አይደለም፤ በሥራው ነው ያፈረው።

መጽሐፍ ቅዱሱን ድንጋይ ላይ አኖረ። ኮቱን አወለቀ፣ ክራቫቱን ፈታ፣ ጫማውን ከኮቱ አጠገብ አስቀመጠ።

«አባ ኡርጂ፣ ይተዉት!» አለች ጉያቱ ከታች። «ሰው ያያል።»

«ይይ» አለና ወረደ።

በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የቆመበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ትከሻውን ሊነቅለው ደረሰ፣ ሁለተኛው ደረቱ ላይ ተደፋ። ከሃያኛው በኋላ እጁ ራሱ አስታወሰ። ሰዎቹ የኤላውን ዘፈን ያዙ፤ መዝሙር አይደለም፣ የከብት ዘፈን ነው፣ ጃታኒም አብሮ ያዘ። ላይ ሆኖ አረሮ እየሳቀ ባልዲ ይቆጥርለታል። ሲጨርሱ መዳፉ ተልጦ ነበር። የጥፋተኝነት ስሜት ማታ ላይ ይመጣብኛል ብሎ ጠበቀው። ፀሐይ ገባች፣ ሰንበት ወጣ፣ አልመጣም።

እሑድ ማለዳ በአንድ አይሱዙ ወደ ነገሌ መጡ። መንገድ ላይ ጉያቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ዝም ይበሉ» አለችው። «ትናንት ያዩዎት የመንደራችን ሰዎች ናቸው፤ ማንም አይናገርም። እኔ ብሰረዝም እግዜር ያውቀኛል። የአንቱ መጽሐፍ ግን ከቀረ ቀረ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ለእኔ ብለው አያቃጥሉት።»

እውነት ነው የምትለው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ከየት ያመጣል? ገጹን አንብቦ፣ እጁን ሳያወጣ ቢቀመጥ ማን ይጠይቀዋል? ከዚያ ደብዳቤውን ይወስዳል። እስከ ከተማው ድረስ ይህንኑ ሲያመነዥግ መጣ።

አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቷል። ጸሐፊዋ ፋይዳ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ዘርግታለች፤ አጠገቡ ያልተፈረመው የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ጉያቱ መጨረሻ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ጎዳና ክሱን በአጭሩ ተናገረ፣ ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

«መምህር፣ ገጹን ያንብቡልን።»

ጃታኒ ተነሥቶ ገጽ አርባ ሦስትን ከላይ እስከ ታች፣ ከነግርጌ ማስታወሻው አነበበ። መጽሐፉን ዘጋ።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ተሳስቻለሁ።»

ጎዳና የሰማውን ያላመነ መሰለ።

«ምን አሉ?»

«ተሳስቻለሁ አልኩ። ሰንበት አልተሳሳተም። ቃሉ አልተሳሳተም። ከዚህ ወዲያ መምህር ጃታኒ ላላ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረኝ፤ ቀኗ ሰባተኛዋ ናት፣ ከፀሐይ እስከ ፀሐይ ናት፣ አንዲት ደቂቃ አልቀንስላችሁም። ግን ጌታ ከብቱን አጠጡ ያለውን እኔ አድርቄ ነው የጻፍኩት። ቧንቧ አጠገብ ተቀምጬ።»

«እኔስ?» አለ ጎዳና። «እኔ ለዚህ መጽሐፍ እንጀራዬን ጥዬ መጣሁ። ልጆቼ የከፈሉበት ነው። ዛሬ ተሳስቻለሁ ሲሉኝ፣ እኔ በከንቱ ነው የለቀቅኩት?»

ጃታኒ ወደሱ ጠጋ አለ። ይህን ጥያቄ ፈርቶት ነበር፣ መልሱን ግን ኤላው ውስጥ አግኝቶታል።

«በከንቱ አይደለም፤ ልክ ነበርክ። ወርቅ ውሃ አይጠማውም ጎዳና። መሬት ውስጥ እስከ እሑድ ይቆያል። ላም አትቆይም።»

ጎዳና መሬት መሬት አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ግን ይህ ሰው ደንብ ሲይዝ የያዘ ነው፣ ያስተማረውም ጃታኒ ነው።

«መመሪያው በጉባኤ የጸደቀ ነው» አለ። «በጉባኤ እስኪሻር ይሠራል። ክስ ቀርቧል፣ ድምፅ መስጠት አለብን።»

«ስጡ። እኔም አትስጡ አላልኩም።» ወደ ጠረጴዛው ሄደ። «ፋይዳ፣ ስንት ስም ጽፈሻል?»

«አንድ፣ መምህር።»

«ሁለት ነው። ትናንት ከላይ ሦስተኛው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ።» የተላጠ መዳፉን ለጉባኤው አሳየ። «ጻፊው።»

ፋይዳ እስክሪብቶውን ያዘች፣ አልጻፈችም። ጎዳናን አየች። ጎዳናም ደብዳቤውን አየ።

«መምህር፣ ስምዎ እዚህ ከገባ እኔ መፈረም አልችልም» አለ ጎዳና ቀስ ብሎ። «ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

ጃታኒ እስክሪብቶውን ከፋይዳ እጅ ወሰደ። ከጉያቱ ስም በታች ገጹ ባዶ ነበር፣ ቦታ ሞልቷል። እሱ ግን ከርዕሱና ከስሟ መሐል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ጣቶቹ እያቃጠሉት፣ ፊደሉን አሳንሶ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጻፈ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ የፊት ወንበሩን አልፎ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ከጉያቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«በሉ፣ እጅ አውጡ» አለ። «ከላይ ጀምሩ።»